የሮቢት ውሻ የማንን ኪኒን ይውጣል?

ሚዛኑ የተገዛው ለሽንኩርት ነው። ከቆቦ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ሮቢት ላይ፣ በመስኖ የለማ ሽንኩርት በጆንያ ታጭቆ አይሱዙ ላይ ከመጫኑ በፊት የሚያርፍበት ነው። ያን ጠዋት ጆንያው ገና አልደረሰም። ሚዛኑ ላይ የቆመው አንድ ወጣት ነበር፤ አንድ ጆሮው የተሸነቆረ ቡላ ውሻ ታቅፏል። ባለ ሚዛኑ ጎንበስ ብሎ «ሰባ ዘጠኝ» አለ። ወጣቱ ውሻውን አወረደና ብቻውን ቆመ። «ስልሳ አንድ።» ውሻው 18 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ «በኪሎ ስንት ትላለህ?» ብሎ አሳቃቸው፤ ውሻው ግን ግድም አልሰጠው፣ ጥላው ውስጥ ገብቶ ተጋደመ።

መዝነህ አምጣው ያለው የእንስሳት ጤና ባለሙያው ነው፤ በሰፈሩ አጠራር «ዶክተር»። ረዳትም ይሁን ቴክኒሻን፣ የእንስሳት መርፌ የያዘ ሁሉ እዚህ ዶክተር ነው፤ ማዕረጉን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ሕዝቡ ነው። ውሻው ማሽላ ሲጠብቅ ከጅብ ጋር ተናክሶ ትከሻው ላይ ቆስሎ ነበር። ቆዳው ከላይ ገጠመ፤ ከሥሩ ግን መግል ቋጥሮ አበጠ። ወጣቱ በደብተር ወረቀት የጠቀለላቸው አራት ፍሬ አሞክሳሲሊን ኪሱ ውስጥ ነበሩት፤ የእህቱ ልጅ ጉሮሮውን ታሞ ጀምሮ ሲሻለው የተዋቸው ናቸው። «ዶክተር፣ ይችን ላውጠው ወይስ እርስዎ ይወጉልኛል?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ውስጥ ሁለት መደርደሪያዎች አሉ። እንደ አብዛኛው የገጠር ከተማ፣ የባክቴሪያ መድኃኒት የሚገኘው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የሰው መድኃኒት ቤት ነው፤ አሞክሳሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ይደረደሩበታል። ሌላው የእንስሳት መድኃኒት መደርደሪያ ነው፤ ኦክሲቴትራሳይክሊን በጠርሙስ፣ ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተቀየጡበት ፔንስትሬፕ፣ ለሆድ ትል አልቤንዳዞል፣ ለመዥገር የሚረጭ ዲያዚኖን። የመጀመሪያው በሰው ልክ የተሠራ ነው፤ ሁለተኛው በበሬ፣ በግመልና በፍየል ልክ። ለውሻና ለድመት ተብሎ፣ በእነሱ ኪሎ ተለክቶ የተሠራ የሚዋጥ ኪኒን ከሁለቱም ላይ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ውሻና ድመት የሚያክሙ የግል ክሊኒኮች አሉ፤ ከሮቢት ግን አዲስ አበባ ለኪኒን የሚኬድበት ቦታ አይደለም።

ይህ ከስንፍና የመጣ አይደለም። የአገሪቱ የእንስሳት ሕክምና ከከብት ቆዳ ላይ የተነሳ ነው። በ1880ዎቹ የገባው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በሬ ፈጅቶ፣ እርሻ አስቁሞ፣ ክፉ ቀን የሚባለውን ረሃብ አመጣ፤ የወሎ ሽማግሌ ዛሬም ታሪኩን ከአያቱ ሰምቶ ያወራዋል። በ1956 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ትልቁ ድካሙ ለከብት፣ ለበግና ለፍየል፣ ለዶሮ ክትባት ማምረት ነው። ደስታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታውጇል። ዋጋ ያለው ሥራ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ግን ሥርዓት የሚያየው የሚቆጥረውን ነው። በየዓመቱ የሚወጣው የግብርና ናሙና ጥናት ከብቱን ይቆጥራል፤ በ2013 ዓ.ም. 70 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በጉ፣ ፍየሉ፣ አህያው፣ በቅሎው፣ ግመሉ፣ ዶሮው፣ የንብ ቀፎው ሳይቀር ይቆጠራል። ውሻና ድመት የሉበትም። ውሻ በመንግሥት ወረቀት ላይ ብቅ የሚለው አንድም ሲያብድ ነው፣ አንድም ሲከተብ።

እብደቱን ካነሳን፣ ባለሙያው ውሻውን ከመንካቱ በፊት የጠየቀው ስለ ኪኒን አልነበረም። «ጅቡ በቀን ነው የመጣው በሌት?» ነው ያለው። በቀን ብርሃን ሰው ሳይፈራ የሚመጣ ጅብ ያበደ ሊሆን ይችላል፤ ጅብ የነከሰው ውሻ ደግሞ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊያብድ ይችላል። «በሌት ነው፣ ዶክተር። አምናም በዘመቻ ተከትቧል» አለ ወጣቱ። «ደግ። ቢሆንም ክትባቱ ይደገምለታል፤ ደግሞ ለጥቂት ወራት አስረህ ጠብቀው።»

ጥያቄው ከሁሉ የቀደመው በምክንያት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የቫይረስ ነው፤ የትኛውም የባክቴሪያ መድኃኒት አይነካውም። በኢትዮጵያ በዓመት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል። ኪኒን ማስዋጥ ማለት ደግሞ እጅን የውሻ አፍ ውስጥ ማስገባት ነው። ልሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ መንጋጋው የወረደ፣ ድምፁ የተለወጠ ውሻ ሲታይ ሰው የሚለው «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ነው፤ ሊያወጣለትም እጁን ይሰዳል። በዚያ ሰዓት መድኃኒት መፈለግ ሳይሆን ውሻውን ሳይነኩ መዝጋትና ባለሙያ መጥራት ነው የሚገባው። የተነከሰ፣ ወይም ቁስሉ ላይ ምራቅ ያረፈበት ሰው ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ጠበል ቢሄድም፣ ዱዓ ቢያስደርግም፣ ክትባቱን ሳይወስድ አይደር።

የቡላው ውሻ ሕክምና ግን ኪኒን ሳይነካ ነው ግማሹ ያለቀው። ባለሙያው አፉን በጨርቅ አሰረ፤ ያበጠውን ዙሪያውን ላጭቶ፣ ለስላሳውን ቦታ በስለት ከፈተው። የወጣውን መግል የሽታውን ነገር አላወራም። ከዚያ በሲሪንጅ እየቀዳ፣ ተፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ፣ ንጹሑ ውሃ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ አጠበው። ልኩ ለግማሽ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ሲበዛ ሥጋውን ያቃጥላል። ቀዳዳውንም አልሰፋውም፤ ክፍት ተወው፣ ከሥር እየፈሰሰ ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲድን።

የተዘጋ መግል ውስጥ የደም ዝውውር ስለሌለ የተዋጠ መድኃኒት ወደዚያ በቅጡ አይደርስም። ለዚህ ነው ካልተከፈተ እብጠት ላይ አሥር ቀን ኪኒን ቢወርድ እብጠቱ ንቅንቅ የማይለው። መግሉ ደኅና ሆኖ የፈሰሰለት፣ ትኩሳት የሌለው፣ የሚበላ እንስሳ ብዙ ጊዜ ከመታጠብ ሌላ ምንም አይፈልግም። ሰው ግን ኪኒን ካልያዘ የታከመ አይመስለውም፤ ከብቱ ካልተወጋ የተነካ እንደማይመስለው ሁሉ። እውነቱን ለመናገር የከተማውም ሰው ከዚህ አይሻልም።

ይህ ውሻ ግን ትኩሳት ነበረው፤ ሁለት ቀንም አልበላም። ስለዚህ ኪኒን ያስፈልገዋል። የትኛው? እዚህ ላይ አራቱ ፍሬ ወደቁ። በውሻ ቆዳ ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ አብዛኛውን ጊዜ ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመነጫል፤ ባዶ አሞክሳሲሊን እፊቱ አይቆምም። ክላቩላኔት የተጨመረበት ግን ኢንዛይሙን ያስረዋል። ይህ ቅይጥ ለሰው ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ ለእንስሳት ሲሠራ የውሻው ልክ በኪሎ 12.5 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ተብሎ ነው። 18 ኪሎ በ12.5 ሲባዛ 225 ይሆናል። ሚዛኑ የተፈለገው ለዚህ ነው። የሰው መድኃኒት ቤት ያለው ደግሞ ባለ 625 ነው፤ የውሻው ድርሻ ከአንዱ ኪኒን ሲሶ ገደማ መሆኑ ነው። ሲሶ አድርጎ መቁረጥ ደግሞ ቀላል አይደለም። የተቆረጠው ኪኒን እርጥበት ይስባል፤ ክላቩላኔት እርጥበት ካገኘው ይበላሻል። ሐኪሙ ቢያዝ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ ቢተባበር እንኳ፣ ማታ ቤት ውስጥ በምላጭ የሚከፈለው ነገር ከሒሳቡ ጋር እኩል አይወጣም። ለዚህ ነው ለልጆች የሚሠራው ዱቄት፣ በውሃ የሚበጠበጠው፣ ለትንሽ እንስሳ የሚሻለው። እሱ ደግሞ ከተበጠበጠ በኋላ ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ከሳምንት ብዙም አያልፍ።

ሙቀቱም አለ። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ ምን ያህል እንደሚግል የራያ ሰው አይነገረውም። አብዛኛው ኪኒን ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች አስቀምጡኝ ይላል። በተለይ ቀኑ ያለፈበት፣ ሙቀትና እርጥበት የመታው ቴትራሳይክሊን ኃይሉን ከማጣት አልፎ ኩላሊትን ሊጎዳ እንደሚችል ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቆቦና አካባቢው ጦርነት አይተዋል፤ የሰሜን ወሎ የሰውም የእንስሳትም ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ሰው ያለችውን ኪኒን አይጥልም፤ ለክፉ ቀን ብሎ ይቋጥራታል። አራቷ ፍሬ በወረቀት ተጠቅልላ ኪስ ውስጥ የተገኘችውም ከዚህ ልማድ ነው፤ ሞኝነት ብዬ አላልፈውም።

ወተት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ራያ የወተት አገር ነው፤ ውሻው ኪኒን ሲተፋ እንክብሉን ከፍቶ ዱቄቱን ወተት ላይ መነስነስ ለማንም የሚመጣ ብልሃት ነው። ቴትራሳይክሊንና ኦክሲቴትራሳይክሊን ግን ከወተቱ ካልሲየም ጋር ይተሳሰሩና ወደ ደም ሳይገቡ ያልፋሉ። ውሻው ጠጣ፣ ባለቤቱም ሰጠሁ አለ፣ መድኃኒቱ ግን ውጭ ወጣ። ዶክሲሳይክሊን በወተት የሚያጣው ያንሳል፤ ቢሆንም ያጣል። የሚሻለው ቁራሽ ሥጋ ወይም ጉበት ውስጥ መቅበር ነው፦ መጀመሪያ ባዶውን ቁራሽ ይሰጡታል፣ ቀጥሎ ኪኒን ያለውን፣ ሦስተኛውን እያሳዩት። ሦስተኛውን ለመቀበል ሲቸኩል ሁለተኛውን ሳያኝክ ይውጠዋል። በዐቢይ ጾም ክርስቲያን ቤት ሥጋ ከየት ይመጣል? ከሙስሊም ጎረቤት። ውሻው ማን እንደባረከው አይጠይቅም።

ሲፕሮን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም «ጠንካራው» ተብሎ ቶሎ የሚነሳው እሱ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ሰው ሲውጠው በደንብ ወደ ደም ይገባል፤ ውሻ ሲውጠው ግን አንዱ ላይ ብዙ፣ ሌላው ላይ ጥቂት ይገባል፤ ድመት ላይ እጅግ ያነሰ ነው። ጠንካራ የሚባለው መድኃኒት ደካማ መጠን ሆኖ ደም ውስጥ ሲቆይ ጀርሙን አይገድለውም፣ ያስተምረዋል።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ ይህን እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ተናግሮት ነበር፦ ያነሰ መጠን የሚወስድ ሰው ጀርሙን ያለማምደዋል። ከዚያ ወዲህ የሆነው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል፤ ክንዱ የጠነከረውም ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ላይ ነው። ውሻው በረት ሲጠብቅ፣ ልጅ ሲያጫውት፣ ድመቷ መደብ ላይ ስትተኛ፣ የእነሱ ጀርምና የቤተሰቡ ጀርም ይለዋወጣሉ። ለውሻ የተሰጠች ግማሽ ሕክምና የውሻ ብቻ ሆና አትቀርም።

«የጀመርከውን ጨርስ» የሚለው የቆየ ምክር ግን በዚህ ዘመን እየተከለሰ ነው። ቁም ነገሩ ቀኑ መብዛቱ ሳይሆን ለበሽታው መመጠኑ ነው። ቀላል የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን በውሻ ላይ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይበቃዋል። የቆዳ መግል ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። ብዙው ተቅማጥ ምንም አይፈልግም፤ ሜትሮኒዳዞል ባይሰጠውም ውሃ ካልተቋረጠበት ራሱ ይቆማል።

በሌላ ጫፍ የመዥገር በሽታ አለ። ቆላ ላይ ውሻ ያለ መዥገር አይገኝም፤ ቡናማዋ የውሻ መዥገር በግድግዳ ስንጥቅ፣ በበረት ድንጋይ ሥር ትኖራለች። የምታስተላልፈው ኤርሊኪያ የሚባል ባክቴሪያ ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ውሻው ይሞቃል፣ ምግብ ይተዋል፣ ይከሳል፣ ድዱ ይነጣል፤ አንዳንዱ ያለ ምክንያት ይነስረዋል። ሰው «ሰው ዐይቶት ነው» ይላል። መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ቀኑ ግን 28 ነው። በሦስተኛው ቀን ውሻው ተነስቶ ይጮኻል፤ ባለቤቱ ዳነ ብሎ ይተዋል፤ ከወራት በኋላ የአጥንት መቅኔ የደረቀበት ውሻ ይዞ ይመጣል። 28 ቀን ሙሉ፣ ውኃ መስደድና አረም ማረም ባለበት ቤት፣ ለውሻ ኪኒን ማስታወስ ቀልድ አይደለም። ባለሙያው የሚመክረው ከአንድ የማይቀር ነገር ጋር ማያያዝን ነው፤ የማታ እንጀራ ሲቀርብ። ለቡላው ውሻም በቀን ሁለቴ ማለት ጠዋት ከቡና፣ ማታ ከእራት ጋር ማለት ሆኖ ቀረ።

ጀርሙ ለየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፍ ናሙና ወስዶ ማሳደግና መፈተን ይቻላል፤ ለምሥራቅ አማራ የቅርቡ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ያለው ኮምቦልቻ ነው። ከሮቢት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የወረርሽኝ ናሙና ይሄድበታል፤ የአንድ ውሻ መግል በበረዶ ተይዞ እዚያ ሲደርስ ማንም አላየም። ስለዚህ ሕክምናው በግምት ነው፤ ጥሩ ባለሙያ የሚለየው በግምቱ ንጽሕና ነው። ሕጉስ? ወረቀት ላይ ጎድሎ አያውቅም። የእንስሳት መድኃኒትን አዋጅ ቁጥር 728/2004 ይገዛዋል፣ የሰውን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112/2011። መድኃኒት የለመዱ ጀርሞችን ለመከላከል እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 የወጣው ሦስተኛው ብሔራዊ ዕቅድም የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና አንድ ላይ ያይ ነበር።  ሁለቱ አዋጆች ግን ሁለቱን መደርደሪያዎች ነው የሚጠብቁት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በኪስ የምትሻገረውን ፍሬ ማንም አይጠብቃትም።

ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ድመትን ነው። ድመት ጎተራ ጠባቂ ናት፤ አይጥ የማሽላውን እህል ከሚፈጅ አሥር ድመት ይሻላል የሚል ሰው ሞልቷል፤ ታክማ ግን አታውቅም። ሁለት ወንድ ድመቶች ተናክሰው ጥርስ የገባበት ቦታ ያብጣል፤ ፓስቱሬላ የሚባለው የድመት አፍ ባክቴሪያ ለአሞክሳሲሊን ብዙ ጊዜ ይሸነፋል፣ ግን እሱም መከፈትና መታጠብ ይቅደመው። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘላት ደረቁን ኪኒን ጉሮሮዋ ላይ መተው አደገኛ ነው፤ እዚያው ተጣብቆ ያቃጥላታል፣ ሲድን ጠባሳው ቧንቧውን ያጠበዋል፣ ከዚያ ወዲያ እህል አይወርድላትም። ከኪኒኑ ኋላ በሲሪንጅ አምስት ስድስት ሚሊ ሊትር ውሃ በጉንጯ በኩል ቀስ ተብሎ ይጨመራል። ድመቷን ከአንገቷ በታች በፎጣ ጠቅልሎ መያዝ ለእሷም ለአስዋጩም ክንድ ይበጃል።

የሰው መድኃኒት ቤት ገብቶ «ለድመቴ» የሚል የለም፤ ይሳቅበታል፣ ወይም አይሸጡለትም። ስለዚህ «ለልጅ» ይባላል። አንዲት እናት፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ ባንኮኒው ላይ ሃያ ብር አስቀመጡ። «ልጄ፣ አሞክሳና ለትኩሳት ፓራስታሞል ስጠኝ፤ ለሕፃን ነው።»

«አብሽሪ፣ እማማ። ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሁለት።»

«ኪሎውስ?»

ዝም አሉ። ባለ መድኃኒት ቤቱ የልጅ ልጅ ከሆነ የክትባት ካርዱ ላይ ይኖራል ብሎ ጠበቀ። «ሦስት ይሆናል፣ አራት» አሉ በመጨረሻ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ቀና አለ፤ የሁለት ዓመት ልጅ ሦስት ኪሎ አይሆንም። ሴትዮዋንም ሳቅ ቀደማቸው። «እንግዲህ ድመቴ ናት፣ ምን ላድርግ።»

ፓራስታሞሉን ከባንኮኒው ላይ አነሳና ወደ መደርደሪያው መለሰው። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ማስወገጃ መንገድ የለውም፤ አንድ ባለ 500 ፍሬ ቀይ የደም ሕዋሳቷን አበላሽቶ፣ ድዷን አጥቁሮ፣ በአንድ ሁለት ቀን ይገድላታል። አሞክሳውንም አልሸጠላቸውም። በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ስልክ ጻፈላቸው፤ ሲወጡም ከኋላ ጠርቶ፣ «እማማ፣ ሲጠይቁዎት ድመት ናት ይበሉ» አላቸው።